ሁለተኛው ግማሽ ቀድሞ ጌዶ ገባ

መጽሐፍ በቢላ ስቆርጥ ያየኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው አንድ ነው፤ «ኧረ በስመ አብ!» እኔም የምመልሰው አንድ ነው፤ «በሬ ሲታረድ ዝም ብለህ የምታይ ሰውዬ ለወረቀት ታማትባለህ?»

ጂቱ እባላለሁ። አምቦ መነኸሪያ ፊት ለፊት፣ ጎሚስታው በረንዳ ላይ መጽሐፍ አከራያለሁ። ያውም ልብ አንጠልጣይ ብቻ። ታሪክ የሚፈልግ፣ የሥነ ልቦና ምክር የሚፈልግ፣ «በሠላሳ ቀን ሀብታም ሁን» የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። እኔ ጋር ሰው ይሞታል፣ ሰው ይጠፋል፣ ሰው ያልሆነውን መስሎ ይኖራል፤ በመጨረሻው ገጽ ሁሉም ነገር ይታወቃል። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም ቀሪውን ከነፍሰ ገዳዮችና ከመርማሪዎች ጋር ጨርሻለሁ። ቤታችን የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ አማርኛዬን ያቃኑልኝ እነሱ ናቸው። መጀመሪያ አጥርቼ ያወቅኳት የአማርኛ ዓረፍተ ነገር «እጅህን ወደ ላይ!» ናት ብል ብዙ አልዋሸሁም። ዲግሪ ያላቸው ደንበኞቼ ማመልከቻ ሲጽፉ ግን «ጂቱ፣ እስቲ እዪልኝ» እያሉ ይመጣሉ። አይላቸዋለሁ፤ ስህተታቸውንም ሳልቆጥር አልቀርም።

የመቁረጡ ነገር እንዲህ ነው። ከእያንዳንዱ መጽሐፍ ያለኝ አንድ አንድ ቅጂ ነው፤ ፈላጊው ግን ከጉደር እስከ ካቺሲ ነው። ስለዚህ ወፍራም ልብወለድ ሲመጣልኝ ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ አንዱ ሁለተኛውን ግማሽ ሲያነብ ሌላው የመጀመሪያውን ይጀምራል። የመጀመሪያውን ጀርባ በቀይ ክር፣ የሁለተኛውን በጥቁር ክር እሰፋለሁ። የምቆርጠው ግን ምዕራፍ ያለቀበት ቦታ አይደለም። ሰውዬው የተቆለፈውን በር ሊከፍት እጁን የሰደደበት ቦታ ነው። እዚያ ላይ የተቋረጠበት ሰው መጽሐፍ ሊያቆይብኝ ቀርቶ ምሳውንም አይበላ፤ በሹፌር ልኮልኝ «ቀሪውን! ቀሪውን!» ይላል።

ሰው ሲመጣ «ምን ዓይነት ትወዳለህ?» ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ሰው የሚወደውን አያውቅም። «በቅርቡ ከማን ጋር ተጣላህ?» ነው የምለው። አንድ የካቺሲ ከብት ነጋዴ ከወንድሙ ጋር በድንበር መጣላቱን ነገረኝ፤ መንትያ ወንድማማቾችና አንድ ኑዛዜ ያለበትን ሰጠሁት። በሁለተኛው ሳምንት ወንድሙን ይዞ መጣ፣ እሱም እንዲያነብ። የሐሮ ወንጪ ጀልባ ቀዛፊ ደግሞ እንግዳ በመጣ ቁጥር መነሳት አለበት፤ ምዕራፎቹ አጫጭር የሆኑ መረጥኩለት። ሐይቅ ሐይቅ እየሸተተ፣ ረጥቦ ተመለሰልኝ። ተቆጣሁት። «እንግዶቹን ማዶ አድርሼ እዚያው ረሳኋቸው፣ አንቺ ደግሞ ለወረቀት ትጮሂያለሽ?» አለኝ። እንዲህ ነው። እኔ መርጬ የሰጠሁትን መጽሐፍ «አቃተኝ» ብሎ የመለሰ ሰው እስካሁን አልተወለደም።

ችግር የመጣው በሚያዝያ ነው። መንገዱ ሊሰፋ ስለሆነ በረንዳው እስከ ግንቦት መጨረሻ ይፈርሳል ተባለ። ጎሚስታው ዕቃውን ጭኖ የፈለገበት ይሄዳል። የእኔ መጻሕፍት ግን ከሁለት መቶ በላይ ናቸው፤ ቤታችን ደግሞ አንድ ክፍል ነው፣ እሱም ያፈሳል። ክረምት ከገባባቸው ገንፎ ነው የሚሆኑት። ከተማውን ሁሉ ሳስብ የሚሆናቸው አንድ ቦታ ብቻ ታየኝ፤ የወጣት ማዕከሉ ንባብ ክፍል፣ በሩ አጠገብ ያለው ባዶ መደርደሪያ።

ንባብ ክፍሉን የሚመራው ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ነው። ሦስተኛው አባል ስብሰባ ላይ ታይቶ አያውቅም። ጸሐፊዋ አዴ ወርቅቱ ናቸው፣ ሳቃቸው ከወንበራቸው የሚበልጥ ሴት። ሰብሳቢው ኦቦ ጉተማ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ መምህር፣ የዚህን አገር ሰው ግማሹን ያስተማሩ፣ ሌላውን ግማሽ የገሰጹ። ግድግዳው ላይ «መጽሐፍ ላይ መጻፍ፣ ገጽ ማጠፍና መቅደድ በጥብቅ የተከለከለ ነው» የሚለውን ማስታወቂያ በገዛ እጃቸው የጻፉት እሳቸው ናቸው። «በጥብቅ» የሚለው ሥር ሁለት መስመር አለ።

«ኦቦ ጉተማ፣ አካም ቡልተን?» አልኩ፣ ሰላምታ አስቀድሜ።

«ነጋ፣ ነጋ። ምን ነበር?»

ነገርኳቸው። እስክጨርስ መነጽራቸውን ሲወለውሉ ቆዩ።

«ልብ አንጠልጣይ» አሉ፣ ቃሉን በሁለት ጣት እንደያዙት ዓይነት። «ልጄ፣ እሱ መጽሐፍ አይደለም፤ ማስቲካ ነው። ይታኘካል፣ ይተፋል።»

«አኝከውት ያውቃሉ?»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

«ሠላሳ አምስት ዓመት ከተማሪ ዴስክ ሥር ስቀማ ኖሬያለሁ!»

«ቀምተው የት ያደርጉታል?»

«መሳቢያ ውስጥ እቆልፍበታለሁ።»

«ሳያነቡ?»

«ሳላነብ!»

«መርማሪ ፖሊስ ያልሆኑት ለበጎ ነው። ቃል ሳይቀበሉ ሰው ያስሩ ነበር።»

አዴ ወርቅቱ ከመዝገቡ ጀርባ ፍርፍር ብለው ሳቁ። ኦቦ ጉተማ ግን መነጽራቸውን አደረጉና ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አዩኝ።

«እሺ» አሉ። «ዓርብ ጌዶ ቤቴ እሄዳለሁ፣ ሰኞ እመለሳለሁ። አንድ መጽሐፍ ስጪኝ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ካነበብኩት መደርደሪያውን ውሰጂ። መሃል ላይ ካስቀመጥኩት ግን ይሄን ወሬ ይዘሽ ስትመጪ ሁለተኛ እንዳላይሽ።»

«በቅርቡ ከማን ጋር ተጣሉ?»

«ምን አገባሽ?»

«ከፎቶ ኮፒ ቤቱ ጋር!» አሉ አዴ ወርቅቱ። «የሃያ ገጽ ሰነድ ገጹን አዘበራርቀው ሰጥተዋቸው ከተማው እስኪሰማ ጮሁ።»

«ቅደም ተከተል የሌለው ነገር አልወድም!» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ሃያ ከአስራ ዘጠኝ በፊት አይመጣም!»

በቃኝ። መጽሐፋቸው ተገኘ፤ «ሦስተኛው ፊርማ»። አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ቢሮው ውስጥ ሞቶ ይገኛል፤ እጁ ላይ ሦስት ሰዎች የፈረሙበት ውል አለ፤ ሦስተኛው ፈራሚ ግን ውሉ ከመጻፉ ሁለት ዓመት በፊት ተቀብሯል። ለሰነድ የሚጮህ ሰው ከዚህ ወዴት ያመልጣል?

አንድ ነገር ብቻ ነበር። መጽሐፉ ከአራት መቶ ገጽ በላይ ስለሆነ ተቆርጧል፤ ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ባለ ተራ አለው። ጌዶ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ሲስተር ሮዛ የምትባል ነርስ አለች፣ ከደንበኞቼ ሁሉ ትዕግሥተ ቢሷ። ሐሙስ ዕለት የመጀመሪያውን ግማሽ በሞሲሳ ላከችልኝ። ሞሲሳ የአምቦና የጌዶ ቅጥቅጥ ሹፌር ነው፤ የእኔ ፖስታ ቤት ማለት እሱ ነው። ውስጡ ብጣሽ ወረቀት ነበር፤ «ሁለተኛውን ነገ ካልላክሽ መርፌ ይዤ እመጣለሁ።»

ወረፋ ወረፋ ነው፣ ለሰብሳቢም አላስቀድምም። ሁለቱም ጌዶ ስለሚገናኙ የመጀመሪያውን ግማሽ ለኦቦ ጉተማ፣ ሁለተኛውን ለሮዛ እልካለሁ፤ እሷ በአንድ ቀን ትጨርሰዋለች፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ንጹህ ዕቅድ። ያበላሸው ኩራቴ ነው። እንዲህ ያለ ሰው እጅ ላይ የተጨማደደ መጽሐፍማ አላስቀምጥም ብዬ፣ ዓርብ ጠዋት ሁለቱንም ግማሾች ባለፈው ዓመት ካላንደር አንጸባራቂ ወረቀት ለበድኳቸው። አማረባቸው! ጀርባቸው ላይ ያለውን ክር ሸፈንኩ ማለት ግን ነው፤ ቀዩንም ጥቁሩንም።

ስምንት ሰዓት ላይ አንዱን ሞሲሳ ዳሽቦርድ ላይ አስቀመጥኩ፣ ሌላውን በመስኮት ለኦቦ ጉተማ ሰጠኋቸው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አብሬ እየሮጥኩ «ቀሪው ግማሽ ሲስተር ሮዛ ጋር ነው!» አልኩ።

አንገታቸውን አውጥተው «የምን ግማሽ?» አሉ። መኪናው ሄደ።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ።

«አንቺ ጂቱ!» ሮዛ ናት። «ያንን በር ላይ የቆመውን ሰውዬ ዛሬም በር ላይ አቁመሽ ትልኪልኛለሽ?»

«ምን?»

«የመጀመሪያውን ነዋ! ያነበብኩትን! ገጽ አንድ! ሜ፣ እስቲ ምን አድርጌሽ ነው?»

ካላንደሩ አምታቶኛል። ሃያ ከአስራ ዘጠኝ በፊት አይመጣም ያሉት ሰውዬ እጅ ላይ ያለው ከገጽ ሁለት መቶ ሰባት የሚጀምር መጽሐፍ ነው። ገና ሲገልጡት አንድ የማያውቁት ሰው አንድ የማያውቁትን በር ይከፍታል። ደግሞ መጨረሻው አለበት! አምስት ዓመት ሙሉ ለአንድ ደንበኛ መጨረሻ ተናግሬ የማላውቅ ሴት፣ ነፍሰ ገዳዩን በካላንደር ጠቅልዬ በመስኮት ሰጠሁ። መደርደሪያዬ ሲሄድ ታየኝ።

«ሲስተር፣ ኦቦ ጉተማ የሚባሉ ጡረተኛ መምህር ጌዶ ቤት አላቸው…»

«ቲቸር ጉተማ? ስድስተኛ ክፍል አስተምረውኛል። አሁንም መንገድ ላይ ሳያቸው ጥፍሬን እደብቃለሁ።»

«መጽሐፍሽ እሳቸው ጋር ነው። ሄደሽ ለዋውጫቸው፣ እግርሽ ላይ ወደቅኩ።»

«ዛሬ ተረኛ ነኝ። ነገ ጠዋት። ግን የምለውጠው የለኝም፤ የመጀመሪያውን ተናድጄ ለሞሲሳ መልሼዋለሁ።»

ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በረንዳዬ በገበያተኛ ሞልቶ ሳለ ደወለች፤ በሹክሹክታ ነው የምታወራው።

«አልሰጥም አሉ።»

«ማን?»

«ቲቸር! መጽሐፉን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ይዘው ‹ቁጭ በይ› አሉኝ። ተቀምጫለሁ። ቆይ፣ ላውድ ላይ ላድርገው።»

የኦቦ ጉተማ ድምፅ መጣ፣ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰው። «መጀመሪያ የሞተው ማን እንደሆነ ንገሪኝ! ከትናንት ጀምሮ ሁሉም ስለ አንድ ሟች ያወራል፤ ማን እንደሞተ የሚነግረኝ አንድ ሰው የለም!»

«የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ነው፣ ቲቸር።»

«እሱ ነው እንዴ? ዋቃ ኮ፣ አምላኬ! እንግዲያው ያቺ ሴትዮ የምታለቅሰው…»

«የትኛዋ?»

«መጨረሻ ላይ፣ ሲይዙት የምታለቅሰው…»

«አይንገሩኝ!» ሮዛ እሪ አለች። «ማንን እንደያዙ አይንገሩኝ! እኔ ሟቹን ነው የማውቀው፣ ገዳዩን አላውቅም!»

«እኔ ገዳዩን አውቃለሁ፣ ምን እንዳደረገ አላውቅም!»

ጎሚስታው የአየር መጭመቂያውን አጠፋ። ምስር ልትሸጥ የመጣች ሴት ከረጢቷን አስቀምጣ ተጠጋች። ተሳፋሪ እስኪሞላለት የሚጠብቀው ሞሲሳም መጣ። ስልኬን የመጻሕፍቱ ክምር ላይ አስቀመጥኩትና ሁላችንም ጎንበስ አልን።

«ስሚ» አሉ ኦቦ ጉተማ፤ ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ምንም አልነግርሽም፣ ቃሌ ነው። እኔ ከመጀመሪያው መስመር ጮክ ብዬ አነብልሻለሁ። አንቺ ደግሞ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ማን እንደሆነ ንገሪኝ። ግልጽ ነው?»

«ግልጽ ነው፣ ቲቸር።»

ማንበብ ጀመሩ። ማን አስተማራቸው? ገዳዩን ያውቃሉ፤ ግን ስሙ ጋ ሲደርሱ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥ፣ አይቸኩል። ሮዛ «ይሄ የእህቱ ባል ነው፣ አጭበርባሪ!» ስትል «እ…ሺ» ይላሉ፣ ሁሉን አውቆ ዝም እንዳለ ዳኛ። መጨረሻውን እያወቀ ያልተናገረ ሰው ከእኔ ሌላ ሳገኝ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ሰውዬው በሩን ከፈተ፤ ክፍሉ ጨለማ ነው፤ እጁ ግድግዳው ላይ ማብሪያውን ሲፈልግ የሌላ ሰው እጅ ነካ…

ጢ፣ ጢ፣ ጢ።

«ምን ሆነ?» አለች ምስር ሻጯ።

«ካርዷ አለቀ» አልኩ።

በረንዳው ተናወጠ። ጎሚስታው የያዘውን ቁልፍ መሬት ላይ ወረወረ። «የማን እጅ ነው? ንገሪና!» አለኝ ሞሲሳ፣ ክንዴን ይዞ። አልነገርኩም። ደብተሬን አወጣሁና «ወረፋ» አልኩ። ስድስት ሰው ተመዘገበ፤ ማንበብ የማትችለው ምስር ሻጭ ሳትቀር፣ ልጇ እንድታነብላት።

እንዲህ ስቀን ብንውልም ሰኞ ጠዋት ወደ ንባብ ክፍሉ የሄድኩት መደርደሪያውን እንዳጣሁ ቆጥሬ ነው። ጨዋታ ሌላ፣ ኮሚቴ ሌላ። ኦቦ ጉተማ ኮታቸውን ቆልፈው ተቀምጠዋል። ሁለተኛው ግማሽ ከነካላንደሩ ጠረጴዛው ላይ አለ።

«እህ፣ ጨረሱት?» አሉ አዴ ወርቅቱ፣ እስክሪብቶ አንስተው።

«አልጨረስኩም።»

አዴ ወርቅቱ እስክሪብቷቸውን መልሰው አስቀመጡ።

«ከገጽ አንድ እስከ ሁለት መቶ ስድስት ያለውን በዓይኔ አላየሁትም» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ነበር ውላችን። ያላነበብኩትን አነበብኩ አልልም።»

«እንግዲህ…» አሉ አዴ ወርቅቱ፣ በሐዘን እያዩኝ።

ስህተቱ የእኔ ነው። መጽሐፌን አነሳሁና እንደ ልማዴ፣ የተመለሰን መጽሐፍ ሁሉ እንደማየው፣ የተቀደደ እንዳለ ለማየት ገለጥ ገለጥ አደረግኩት።

ቀይ እስክሪብቶ። ገጽ ሁለት መቶ ሰባት ጠርዝ ላይ፣ በዚያ ከተማው ሁሉ በሚያውቀው የመምህር እጅ ጽሕፈት «ይህ ማን ነው?» ትንሽ አለፍ ብሎ «ቀኑ አይገጥምም! ገጽ 228ን ተመልከት።» ሦስት መቶ ላይ «ጠርጥሬ ነበር!!» ገጽ ሦስት መቶ ስድሳ አንድ ላይ ደግሞ ጠርዙ አልበቃ ብሎ፣ ጽሑፉን አቋርጦ፣ በትልልቁ፦ «አትግባ! አንተ ሞኝ፣ አትግባ አልኩህ!»

ቀና ስል ኦቦ ጉተማ እያዩኝ ነው። ጆሯቸው ቀልቷል። ከራሳቸው በላይ ማስታወቂያው ተሰቅሏል፣ «በጥብቅ» ከነሁለት መስመሩ።

ምላሴ ላይ የመጣውን ብታውቁ! መደርደሪያዬ እጄ ውስጥ ነበር፤ ገጹን ወደ አዴ ወርቅቱ ማዞር ብቻ ነው የቀረኝ። ግን ሰው ብቻውን ከመጽሐፍ ጋር ሆኖ የጮኸው ነገር የራሱ ነው። ማን ምን ገጽ ላይ እንዳለቀሰ፣ ማን ምን ገጽ ላይ መብራት አብርቶ እንደተኛ አውቃለሁ፤ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዘጋሁት።

«ምንም አልተቀደደም» አልኩ። «ደህና ዋሉ።»

በሩ ጋ ስደርስ «ቁጭ በይ!» የሚል ድምፅ መጣ። ተቀመጥኩ፤ በዚያ ድምፅ የማይቀመጥ የለም።

«አዴ ወርቅቱ፣ ገጽ ሦስት መቶ ስድሳ አንድን ይግለጡና ጮክ ብለው ያንብቡ።»

አነበቡ። «አትግባ አልኩህ» የሚለውን ሳይጨርሱ ጠረጴዛው ላይ ተደፉ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። «የማን… የማን ጽሕፈት ነው?»

«ማስታወቂያውን የጻፈው ሰውዬ ጽሕፈት ነው» አሉ ኦቦ ጉተማ። «ሠላሳ አምስት ዓመት መጽሐፍ ላይ የጻፈ ሲቀጣ የኖረ ሰው ነው። መጻፉን እንኳ አላወቀም። ለማስቲካ እንዲህ አይጮህም። ይጻፉ፦ መደርደሪያው ለጂቱ ተሰጥቷል። ሁለተኛ፦ መጽሐፍ መቁረጥ ክልክል ነው።»

«አይሆንም!» አልኩ። ምላሴ ተመልሳ መጣች። «ሳልቆርጥ ከጉደር እስከ ካቺሲ በአንድ ቅጂ እንዴት ላዳርስ? እርስዎስ ራስዎ ያልተቆረጠ ቢሰጥዎት እንዲህ ይጮሁ ነበር?»

«እሺ፣ ቢያንስ ሽፋኑ ላይ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ይጻፍ።»

«በማን ጽሕፈት?»

«በእኔ!» አሉና ቀይ እስክሪብቷቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ካላንደሩ ላይ «ሁለተኛ ግማሽ» ብለው ጻፉ፤ ሥሩን ሁለት ጊዜ አሰመሩበት። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «አሁን የመጀመሪያውን ስጪኝ።»

«መጨረሻውን እኮ ያውቁታል።»

«ማን እንደገደለ አውቃለሁ። እንዴት እዚያ እንደደረሰ አላውቅም። ሮዛ የነገረችኝ አይበቃኝም፤ በዓይኔ ማየት አለብኝ።»

ደብተሬን ገልጬ ፊታቸው አደረግኩት። «ወረፋ አለ።»

አነበቡት። ስድስተኛው ስም ላይ ሲደርሱ ቅንድባቸው ተነሳ። «ሞሲሳ ሹፌሩ? ሰባተኛ ክፍል እያለ ሁለት መጽሐፍ ቀምቼዋለሁ!»

«እሱም ነግሮኛል። ግን ተራ ተራ ነው፤ ሃያ ከአስራ ዘጠኝ በፊት አይመጣም ብለው የለ?»

ቁጥር ሰባት ላይ፣ ከሞሲሳ ሥር፣ ሙሉ ስማቸውን ጻፉ፤ ፈረሙም። ደብተሩን ሊመልሱልኝ ካሉ በኋላ ያዝ አደረጉት።

«ይሄ ሞሲሳ… ፈጣን አንባቢ ነው?»

«ሹፌር ነው፣ ኦቦ። የሚያነበው መኪናው ሰው እስኪሞላ ድረስ ነው።»

ኦቦ ጉተማ በመስኮቱ ወደ መነኸሪያው አዩ።

«እንግዲያው» አሉ፣ «የእሱ ተራ ሲደርስ ሰው አያብዛለት።»